የእንግሊዝ ፍቺ በኪርያት ኖርዳው

ኔታንያ፣ ማርች 6 ቀን 2016

ለእህቴ ለዓይናዲስ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጅሽ ሻሺስ እንደምን ናት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ስለ ጉልበቴ ለጠየቅሽው፣ ደረጃ ስወጣ ያመኛል፣ ስወርድ አያመኝም። ሐኪሙ “መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው” ብሎ ተከራከረኝ። ጉልበቱ የኔ ነው አልሁት። አንቺ ግን ደብዳቤሽ ላይ ቀን አልጻፍሽም፤ በፖስታው ማኅተም ነው ያወቅሁት። ሰባ ዓመት ሊሞላሽ ነው፣ ልመጂ እንጂ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ጤና አይደለም። ዓርብ ረፋድ በሬዲዮ የአማርኛ ሰዓት ሰማሁ። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ወይስ ትቆይ ተብሎ ሐሙስ ጁን 23 ቀን ሕዝቡ በሙሉ ሊጠየቅ ነው! ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። የልጅ ልጄ ረዑት ከሠራዊቱ ለሰንበት ፈቃድ መጥታ ነበር።

“ሳብታ፣ ማ ኢኽፓት ላኽ? እንግሊዝ ምንሽ ናት?” አለችኝ፣ እንደ ልማዷ ዕብራይስጡንና አማርኛውን አደባልቃ።

“እንግሊዝ ምኔም አይደለችም፤ እህቴ ግን እዚያ ናት” አልኋት።

እኔ አሥመራ ለትምህርት ተልኬ ሳለሁ አንቺ ገና ፊደል አልቆጠርሽም ነበር። በዚያን ጊዜ ኤርትራና ኢትዮጵያ በፌዴሬሽን ተዋሕደው በመንግሥት ቤት ደጃፍ ሁለት ባንዲራ ይሰቀል ነበር። አንድ ጧት ስናልፍ አንዱ የለም። “የት ሄደ?” ብዬ መምህራችንን ብጠይቀው መዳፌን በማስመሪያ መታኝ። ሕዝቡን የጠየቀው የለም። ከዚያ በኋላ የመጣውን ጦርነት አንቺም ታውቂዋለሽ። ስለዚህ አንድ ሕዝብ ሊጠየቅ ነው ሲባል እስከ ዛሬ ደሜ ይሞቃል።

አሁን መልሽልኝ። የያዝሽው ፓስፖርት የሆላንድ ነው። እንግሊዝ አገር መቀመጥ የቻልሽውም ሆላንድ የኅብረቱ አባል በመሆኗ ነው። እንግሊዝ ከወጣች አንቺንና ሻሺን ምን ያደርጓችኋል? ድምፅ ትሰጫለሽ ወይ? ሌላም አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፌ አጥፌ ከውስጥ አድርጌዋለሁ።

እህትሽ ፈንታነሽ


ሌስተር፣ ማርች 28 ቀን 2016፣ ሰኞ

እታለም ፈንታነሽ፣

ይኸው ቀኑን ጻፍሁ፣ ዕለቱንም ጨመርሁልሽ። ሰዓቱን ከፈለግሽ ከምሳ በኋላ ነው።

እንደምን አለሽልኝ? እኔ ከጆሮዬ በቀር ደኅና ነኝ። አዲስ የሰጡኝ መስሚያ የጎረቤትን በር ያሰማኛል፣ የሻሺን ድምፅ ግን አያሰማኝም። ስልኩን ትተን መጻፍ በመጀመራችን አልቆጭም። በስልክ እንጣላ ነበር፤ በጽሑፍ ለመጣላት ሁለት ሳምንት ይፈጃል።

የለም፣ ድምፅ አልሰጥም። እዚህ አሥር ዓመት ብቀመጥም፣ ሻሺ በዚህ አገር ሆስፒታል ሌት ተቀን ነርስ ብትሆንም፣ ጥያቄው ለዜጎች ነው። እኛ የሚጠየቅብን ነን እንጂ የምንጠየቅ አይደለንም። ሻሺ በዚህ ተቃጥላለች። እኔ ግን፣ እታለም፣ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ሁከት አይቼ አላውቅም! ዳቦ ቤት ስሄድ ክርክር፣ አውቶቡስ ላይ ክርክር። እንግሊዞች እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ያየሁት ገና አሁን ነው።

ጎረቤቴን ብራያንን ታውቂዋለሽ፣ ባለፈው የጻፍሁልሽ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ። መስኮቱ ላይ “እንውጣ” የሚል ትልቅ ወረቀት ለጥፏል። ጧት በአጥር በኩል ሳየው “እኔን ልታባርረኝ ነው?” አልሁት። ቀላ። “አንቺን አይደለም፣ ዓይና! አንቺን ማንም አላለም!” አለኝ። “ታዲያ ማንን ነው?” ብዬ ጠየቅሁት። ከዚያ የቆሻሻ ገንዳዬን እስከ ደጄ ድረስ ገፋልኝ።

በትንሿ ወረቀት የጠየቅሽኝን አልመልስም። ስለ ሱዳኑ የገዳሪፍ መጠለያ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሳንነጋገር ኖረናል። አሁን ምን አስታወሰሽ?

ዓይናዲስሽ


ኔታንያ፣ ሜይ 8 ቀን 2016

ለእህቴ ለዓይናዲስ፣

ስለ ዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ፋሲካ ነበር፤ ቤት ሳጸዳ ከረምሁ። ትንሿን ክፍል ነጭ ቀለም አስቀባኋት፣ የስፌት መኪናዬን ወደ ሳሎን አወጣሁት። ሌላ ምክንያት የለውም።

ያንን ወረቀት እንዳልጻፍሁት ቁጠሪው።

አሁን የምነግርሽን ስሚ። በሰፈራችን በኪርያት ኖርዳው እኛ ሽማግሌዎች ማክሰኞ ማክሰኞ የምንሰበሰብበት ሞዓዶን የሚሉት ክበብ አለ። አስተባባሪዋ ሙኒት የምትባል ጎበዝ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ይሰበራል እንጂ ልቧ ቀና ነው። ባለፈው ማክሰኞ ስለ ደም ግፊት የሚያስተምር ሰው ልታመጣ ነበር። አያ ዘመዱ እጃቸውን አነሡ።

“ስለ ደም ግፊት ሰባት ጊዜ ተምረናል፤ ግፊቱ ግን አልወረደም። የእንግሊዝን ነገር ንገሩን።”

“የእንግሊዝን ምኑን፣ አባባ?” አለች ሙኒት።

“ፍቺዋን ነዋ! አርባ ሦስት ዓመት ከኖረችበት ቤት ልትወጣ አይደለም? ታዲያ ሽማግሌ የታለ? በኛ አገር ባልና ሚስት ሲጣሉ ሦስት ቀጠሮ ይሰጣል፤ ንዴት ይበርዳል፣ ዘመድ ይመክራል። እነዚህ በአንድ ሐሙስ ጨርሰው ሊለያዩ ነው?”

ቤቱ ተንጫጫ። አለበል፣ ፖሌግ ፋብሪካ ሃያ አምስት ዓመት የሠራው፣ “ቀጠሮማ ድሮ የተበደለችን ሴት ማሰቃያ ነበር!” ብሎ ጮኸ። አንዷ “ልጆቹን ማን ይይዛል?” አለች። ሌላዋ “ማን ነው ባልየው?” ብላ ጠየቀች፤ ይህን እስካሁን አልወሰንንም።

በመጨረሻም እንደ ሽምግልና ሥርዓት ሊታይ ተወሰነ። ዘመዱ ለመቆየት ይቆማሉ፣ አለበል ለመውጣት ይቆማል። ወንዶቹ ሴት ሰብሳቢ ትሁን አይባልም ብለው አጉረመረሙ። በኋላ ግን ከመካከላቸው ማንም ሌላውን ማዳመጥ እንደማይችል ተረዱና እኔን መረጡ። በጁን 14 ነው። እኔ እያለሁ ወሬ ላይ ተመርኩዞ ክርክር አይኖርም። ስለዚህ የሁለቱንም ወገን ጽሑፍ ላኪልኝ፤ መንግሥት በየቤቱ በትኖታል የተባለውንም ጨምሪ። ረዑት ትተረጉምልኛለች።

ደግሞም ቢያባርሯችሁ ወዴት ለመሄድ አስባችኋል? ለማወቅ ብቻ ነው።

እህትሽ ፈንታነሽ


ሌስተር፣ ሜይ 25 ቀን 2016፣ ረቡዕ

እታለም፣

አያ ዘመዱን ሳሚልኝ። ደብዳቤሽን ለሻሺ ሳነብላት እስክታነባ ሳቀች። “እዚህ ቴሌቪዥን ላይ እንደ እነሱ የሚከራከር ብናገኝ” አለች።

የጠየቅሽው ሁሉ በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። ባለ ቀለሙ የመንግሥት ነው። የተጨማደደው የብራያን ነው፤ ለኔታንያ ሽማግሌዎች ነው ስለው ኮሌታውን አስተካክሎ ሰጠኝ። በጀርባው በእጁ የጻፈው ላንቺ ነው፤ “ለሊቀ መንበሯ፣ እባክዎ በትክክል ይመዝኑን” ይላል።

ሻሺና ብራያን ግን ተጣልተዋል። በአጥሩ ላይ ሆና “ባለፈው ክረምት እግርህን ማን አጠበ? ማን ቁስልህን አሰረ? የሆላንድ ፓስፖርት ነው ያሰረልህ!” አለችው። እሱም “ስለ አገሬ መናገር በገዛ አጥሬ ውስጥ ተከለከልሁ?” አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ያ ነው ክፋቱ። ሁለት ቀን መጋረጃውን አልከፈተም። በሦስተኛው ቀን ደጃችን ላይ ከጓሮው የቆረጠው አንድ እቅፍ አትክልት ተቀምጦ አገኘን። ሻሺ አልነካም አለች። እኔ ቀቅዬ በላሁት።

የወዴት ትሄዳላችሁን ነገር ሁለት ጊዜ መጠየቅሽ ነው። ቢያባርሩን ሆላንድ እንሄዳለን፤ ፓስፖርታችን የዚያ ነው፣ ባለቤቴ ደጀንም የተቀበረው እዚያ ነው።

ክፍሉን ለምን እንዳስቀባሽው አልጠየቅሁሽም። ለምን “ሌላ ምክንያት የለውም” ብለሽ መለስሽልኝ?

ዓይናዲስሽ


ኔታንያ፣ ጁን 15 ቀን 2016

ለእህቴ ለዓይናዲስ፣

በደስታ ነው የምጽፍልሽ። ትናንት ክርክሩ ተደረገ! ከዶራ ሰፈር ሳይቀር በአውቶቡስ መጡ። ወንበር አልበቃ ብሎ ሙኒት ከታች ካለው ምኩራብ ተበደረች።

ደንቡን እኔ አወጣሁ። ማንም የራሱን ከመናገሩ በፊት የባላጋራውን ቃል መልሶ ይናገራል፤ ባላጋራው “አዎ፣ ያልሁት ይህንኑ ነው” እስኪል ድረስ። አሥመራ የተማርሁት ነው። አያ ዘመዱ “የአለበልን ቃል በኔ አፍ? ጥርሴ ይርገፍ!” አሉ። “የቀሩዎት ስንት ናቸው?” አላቸው አለበል። እንዲህ ነው የተጀመረው።

አለበል እንዲህ አለ። “አንድ ቤት አለኝ እንበል። ድስቴን ስጥድ፣ ጨው ስጨምር፣ ሃያ ሰባት ጎረቤት ‘ይህን ያህል አድርግ’ እያለ ክዳኑን ያነሣል። ወጡ ቢጣፍጥም የኔ ወጥ አይደለም።” ተጨበጨበለት።

አያ ዘመዱ ቃሉን መልሰው ተናገሩ፤ ስለ ጨው የተባለውን ዘለሉ፣ አስደገምኋቸው። ከዚያም እንዲህ አሉ። “እነዚህ ጎረቤቶች እኮ ትናንት ሲተራረዱ የነበሩ ናቸው። አሁን የሚጣሉት ስለ ድስት ክዳን ከሆነ፣ ተመስገን በሉ! ክዳኑን ያንሡት!” እኔም ሰብሳቢ ሆኜ ሳለ ገለልተኛ መስዬ መቀመጥ አቃተኝ።

ውበቱ፣ ሱዳን በረሃ ላይ ሁለት ልጅ የቀበረው፣ በጠቅላላው አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረ። “እኛ ስንወጣ የጠየቀን የለም፤ በእግራችን ነው ድምፅ የሰጠነው።”

የብራያንን ጽሑፍም አነበብሁላቸው። አለበል ብድግ ብሎ “ይህ ሰውዬ ይሾም!” አለ። እቅፍ አትክልት ማስቀመጡን ስነግራቸው ደግሞ አያ ዘመዱ “እንዲህ ያለ ሰው መፍታት አያውቅበትም፣ የኔ ወገን ነው” ብለው ወሰዱት።

ከዚያ ድምፅ ተሰጠ። ለመውጣት ሽምብራ፣ ለመቆየት ባቄላ፣ በአንድ ጣሳ። አሥራ አንድ ሽምብራ፣ አሥራ አንድ ባቄላ! ሁለት ጊዜ ቆጠርነው። እኩል። ከዚያ ስብሰባው ተዘጋ።

እህትሽ ፈንታነሽ


ኔታንያ፣ ጁን 20 ቀን 2016

ዓይናዲስ፣

ያለፈው ደብዳቤዬ ሳይደርስሽ ይህን እጽፋለሁ። ያኛው ውሸት የለበትም፤ ጎደሎ ግን ነው። አስተማሪ ሳለሁ ተማሪ እንዲህ ያለ ድርሰት ቢያቀርብልኝ ከአሥር አራት እሰጠው ነበር።

ድምፅ እኩል ከሆነ ሰብሳቢዋ ትለያለች የሚለውን ደንብ ያወጣሁት ራሴ ነኝ። ሁሉም አፍጥጠው እያዩኝ አንድ ሽምብራ አንሥቼ ጣሳው ውስጥ ጣልሁ። ትውጣ ማለቴ ነው። አለበል ሊያቅፈኝ መጣ። አያ ዘመዱ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

“ፈንታነሽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚያ አገር እህት አለችሽ አይደል?”

“አለችኝ።”

“እንግሊዝ ብትወጣ መኖሪያዋ ይናጋባታል አይደል?”

“ይናጋባት ይሆናል።”

“ክፍል አስቀብተሽላታል አሉ።”

ቀለም ቀቢው የወንድማቸው ልጅ መሆኑን እንዴት እንደ ረሳሁት አላውቅም።

“ዘመድ ያለው ዳኛ ጉዳዩን ተናግሮ ከወንበሩ ይነሣል” አሉ። “ሌላውን ሁሉ ደንብ ነገርሽን፤ ይህን ብቻ ሳትነግሪን ቀረሽ።”

አልጮኹም። ቢጮኹ እመልስላቸው ነበር። ተነሣሁ። ሽምብራዬንም ከጣሳው አወጣሁ፤ የትኛዋ የኔ እንደ ሆነች ስለማትለይ አንዷን አወጣሁ። ሙኒት “እማማ፣ ምንም አይደለም፣ ጨዋታ ነው እኮ” አለችኝ። ጨዋታ አልነበረም።

እውነቱ ይህ ነው፤ ከማርች ጀምሮ እንድትባረሪ ስመኝ ከርሜአለሁ። ስለ ሕዝብ መጠየቅ የጻፍሁልሽ ሁሉ ከልቤ ነው። ግን ከሥሩ ሌላ ነገር ነበረ። ሬዲዮውን ሰምቼ ብድግ ስል የመጀመሪያው ሐሳቤ ትንሿ ክፍል ነበረች።

የገዳሪፉንም ልናገር፤ አንቺ ባትመልሺም እኔ ልናገር። ወደዚህ አገር የሚወሰዱትን ስም መዝጋቢው ወደ ድንኳናችን የመጣው ረፋድ ላይ ነበር። “እህትሽስ?” አለኝ። ደጀንን ስላገባሽ፣ እሱም በሃይማኖት የኛ ወገን ስላልነበረ፣ አኩርፌሽ ነበር። “እሷ ከኛ ወጥታለች፤ አትመጣም” አልሁት። ስምሽን ዘለለው። አንቺ ውሃ ልትቀጂ ሰልፍ ላይ ነበርሽ፤ መቶ እርምጃ አይሆንም። ጠርቼ ብጠይቅሽ ምን እንደምትይ አላውቅም። አለመጠየቄን ግን አውቃለሁ።

ሐሙስ የሚሆነው ሳይታወቅ ይህ እንዲጻፍ ፈልጌአለሁ።

ፈንታነሽ


ሌስተር፣ ጁላይ 3 ቀን 2016፣ እሑድ

እታለም፣

ሁለቱ ደብዳቤዎችሽ በአንድ ቀን ደረሱኝ። ፈንጠዝያውን አስቀድሜ አነበብሁ፣ ቀጥዬ ሌላውን። ከዚያ አትክልት ቦታው ድረስ ሄጄ ተመለስሁ።

ውጤቱን ሰምታችኋል። ወጡ፤ ሃምሳ ሁለት በአርባ ስምንት። ከተማችን ግን ለጥቂት “እንቆይ” ብሏል። ዓርብ ጧት መንገዱ እንደ ሠርግ ማግስት ነበር፤ ግማሹ ሰክሮ፣ ግማሹ አልቅሶ። ብራያን ወረቀቱን ከመስኮቱ አንሥቶ ደጃችን መጣ። “ደስ አለህ?” አልሁት። “ደስ ብሎኛል” አለና “አንቺ ግን ትቆያለሽ አይደል?” ብሎ ጠየቀኝ። ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ሻሺ ሻይ አቀረበችለት፤ እየተቆጣች ነው ያቀረበችው፣ ግን አቀረበች።

አሁን ልመልስልሽ። በማርቹ ወረቀት “በገዳሪፍ ማን ምን ነገረሽ?” ብለሽ ነበር። ያን ጊዜ ከአጠገብሽ የነበረች ሴት በሳምንቱ ሁሉን ነገረችኝ። ስለዚህ ሠላሳ ሁለት ዓመት አውቀው ነበር። ተናድጄብሻለሁ፤ ለብዙ ዓመት፣ አጥብቄ። ሆላንድ ሳለሁ ሻሺን ስወልድ ስምሽ ሲነሣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁ። ከዚያ ደጀን ሞተ፣ ንዴቱም እየሰለቸኝ ሄደ። መጻፍ የጀመርሁልሽ ለዚያ ነው።

አንድ ነገር ግን አሁንም ያስቆጣኛል። ዘንድሮ ሁሉን ጠየቅሽ። ሬዲዮውን ጠየቅሽ፣ የመንግሥትን ጽሑፍ ጠየቅሽ፣ ሃያ ሁለት ሽማግሌ በጣሳ ጠየቅሽ። እኔን “ቢያባርሩሽ ወዴት ትሄጃለሽ?” አልሽኝ። እንግሊዝ ገፍታ እንድትጥልልሽ ደጅሽ ላይ ቆመሽ ጠበቅሽ። እኔ የወደቀ ዕቃ ነኝ?

ይኸው ልንገርሽ፣ አያባርሩንም። ሻሺ የቋሚ መኖሪያ ቅጽ ትሞላለች፣ ሰማንያ አምስት ገጽ ነው፤ ዛሬ ሃያኛው ገጽ ላይ ናት። ስለዚህ እንግሊዝ ምንም አታደርግልሽም። የምትፈልጊው ነገር ካለ ራስሽ ተናገሪ።

ዓይናዲስ


ኔታንያ፣ ጁላይ 14 ቀን 2016

ዓይናዲስ፣

ደብዳቤሽን ይዤ ማክሰኞ ወደ ሞዓዶን ሄድሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ መሄዴ የመጀመሪያዬ ነው። አያ ዘመዱን ለብቻቸው ጠራሁና ሽማግሌ ሆነው እንዲያስታርቁኝ ለመንኋቸው። በሥርዓታችን በዳይ ራሱ አይሄድም፣ ሽማግሌ ይልካል ብዬ። እስከ መጨረሻው ድረስ አዳመጡኝ።

“የት ነው የምትልኪኝ?” አሉኝ።

“ሌስተር።”

“ልጄ፣ እኔ ቴል አቪቭ ስሄድ ነው የሚያዞረኝ። ደግሞ አንቺ ሽማግሌ አያስፈልግሽም፣ አፍ ነው የሚያስፈልግሽ። ባቄላና ሽምብራውን ተይና ጻፊላት።”

ስለዚህ ጻፍሁ። አራት ወረቀት ቀደድሁ፤ ሁሉም ስለ አውሮፓ ይጀምራል።

በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።

ደግሞም ነይ። እንድትመጪልኝ እፈልጋለሁ። ማንም ስላባረረሽ አይደለም፤ ሻሺ ቅጹን ትሙላ፣ ቤትሽም ቤትሽ ይሁን። ለአንድ ወር ነይ፣ ለክረምቱ ነይ፣ ከፈለግሽ ለሁልጊዜም ነይ። ሻሺንም አምጫት። ብራያንም መምጣት ከፈለገ ይምጣ፤ አለበል ቤቱን ለቆለት እንደሚያድር ምሎልኛል። ከዚህ ባሕሩ በአውቶቡስ ሩብ ሰዓት ነው። ከዚያ ደረጃውን ቁልቁል እየወረድን ነው የምንሄደው፣ ጉልበቴ አያመኝም፤ ስንመለስ እየተቀመጥን እንወጣለን። ክፍሏ ነጭ ናት፤ ነጭ ካልወደድሽ ሌላ ቀለም ይቀባል፣ እስክትነግሪኝ አልመርጥም። ረዑት በአየር ማረፊያው መውጫ በር ላይ ቆማ ልታጨበጭብልሽ ነው፣ ከአሁኑ ፈቃድ ጠይቃለች፤ እሷ ገና መልስ ሳትሰጥ እንዴት ትጠይቂያለሽ ብዬ ተቆጣኋት፣ ከዚያ ግን ስንት ቀን እንደ ሰጧት ጠየቅኋት።

አልመጣም ብትዪም መልስ ነው። አንብቤ እቀበለዋለሁ፣ መጻፌንም አልተውም። አሁን ሰዎች ሁሉ “ትመጣለች ወይ?” እያሉ ይጠይቁኛል። አያ ዘመዱ ይጠይቁኛል፣ ሙኒት ትጠይቀኛለች፣ ቀለም ቀቢው በመንገድ አስቁሞ ይጠይቀኛል። “አላውቅም፤ የምታውቀው እሷ ናት” እላቸዋለሁ።

በአደራ ደብዳቤ ላኪው፣ እንዳይጠፋ። መልስሽ ከሁለት ሳምንት በፊት እንደማይደርስ አውቃለሁ። ቢሆንም እሑድ እዚህ የሥራ ቀን ነውና ፖስታ ቤቱ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ሲከፈት ደጃፉ ላይ ነኝ።

ፈንታነሽ